ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፡- ድምፃቸው በሸክላ የቀረው ባለቅኔ ሹም

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የተቀረጸበት ታሪክ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው ስም የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። በ1900 ዓ.ም የመኪና ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር የተላኩት እኚህ ሰው በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በ17 ሸክላዎች አስቀርጸዋል። በዚህም ለገበያ በተዘጋጀ ሸክላ ላይ የዘፈነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነው ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ ሸክላው በ88 ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ አጭር ምዕራፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ የንግድ ሹም፣ የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትር፣ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ፣ በመጨረሻም ሹመትና ሀብታቸውን ያጡ እስረኛ ሆነዋል።

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም በሸዋ፣ በጤፍ ምርቷ በታወቀችው ምንጃር ነው። ዘመኑ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዙፋን ላይ የነበሩበት፣ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ነበር። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም ሲበሰር ተሰማ የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ። በዚያ ትውልድ ለነበረ ሰው ግጥም ጌጥ ብቻ አልነበረም። ጀግና የሚፎክረው፣ አልቃሽ ሐዘኗን የምትገልጸው፣ ባለጉዳይ ሹሙን የሚወቅሰው፣ ወዳጅም ወዳጁን የሚያሞግሰው በግጥም ነበር። ሹም በግልጽ ቢነገረው የሚቆጣበትን ነገር በቅኔ ቢሰማው ስቆ ያልፈዋል፤ አንዳንዴም ይሸልማል። ሰም ለበስ ንግግር በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ራሱን የቻለ የመናገሪያ መንገድ እንደነበር ማስታወስ ተሰማን ለመረዳት ይጠቅማል።

የአዝማሪ ነገር ግን ሁለት ፊት ነበረው። ኅብረተሰቡ ጨዋታውን ይወድዳል፤ ሠርጉም ግብሩም ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ባለሙያውን ግን ከሸማኔው፣ ከብረት ሠሪውና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር በአንድነት ዝቅ አድርጎ ያይ ነበር። ተሰማ ለዕለት እንጀራ ማሲንቆ ይዘው ከደጅ ደጅ የሚዞሩ ሰው አልነበሩም። ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር የሚውሉ፣ ለመንግሥት ሥራ የሚታጩ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ መዝፈኑ፣ ከዚያም አልፎ ዘፈኑን ለባዕድ አገር ማሽን መስጠቱ በዘመኑ ሚዛን ቀላል ነገር አልነበረም።

ማሽኑ ራሱ ለኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀዳ የሰላምታ ቃል ለአፄ ምኒልክ ልከው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክቱን በክብር ተቀብለው ደጋግመው አድምጠዋል። በተከታዩ ዓመትም እሳቸውና እቴጌ ጣይቱ የመልስ ቃላቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ቀድተው ወደ ለንደን ልከዋል። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን አብሮት በነበረው ሐኪም በኤሪክ ካሽኬ አማካይነት በሰም ቱቦዎች ላይ ድምፅ ቀድቷል። እነዚህ ቅጂዎች ግን አንዱ ለዲፕሎማሲ፣ ሌላው ለምርምር የተሠሩ ነበሩ። ተባዝቶ ለሚሸጥ ሸክላ የተዘፈነ ነገር ከተሰማ በፊት አልታወቀም።

ተሰማን ወደ በርሊን ያደረሳቸው ሙዚቃ ሳይሆን መኪና ነው። በ1897 ዓ.ም በፍሪድሪክ ሮዘን የተመራው መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ከተዋዋለ ወዲህ የኢትዮጵያና የጀርመን ግንኙነት እየጠነከረ ነበር። በ1900 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ በየፊናቸው መኪና ይዘው ወደ አዲስ አበባ ገቡ። ባቡር ከድሬዳዋ ባላለፈበት፣ ድልድይና ጥርጊያ መንገድ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር። አዲስ ነገር የማይጠግቡት አፄ ምኒልክ መኪናውን በመቀበል ብቻ አልረኩም። የሚነዳውና የሚጠግነው ኢትዮጵያዊ እንዲኖር ፈለጉ። ለዚህም ተሰማ እሸቴ ተመርጠው ከሆልዝ ጋር ወደ ጀርመን ሄዱ።

በዚያ ዘመን በርሊን ከዓለም ዋና ዋና የድምፅ ቅጂ ማዕከላት አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1900 በፕሮፌሰር ካርል ሽቱምፍ የተጀመረው የድምፅ መዝገብ ቤት ከየአህጉሩ ዘፈን ይሰበስብ ነበር። የሸክላ ኩባንያዎችም በየአገሩ ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ይፈልጉ ነበር። ግራሞፎኑን ለሕንዱ፣ ለግብፁ፣ ለቱርኩ ለመሸጥ የየራሱ ዘፈን ያለበት ሸክላ ማቅረብ ያስፈልግ ነበርና። የአማርኛ ቅኔ አዋቂ በከተማይቱ መገኘቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ገበያ የተመቸ አጋጣሚ ሆነ። የመኪና ተማሪው በዚህ መንገድ ድምፃዊ ሆኑ።

የቅጂው ሥራ ዛሬ ከሚታወቀው እጅግ የተለየ ነበር። ማይክሮፎን በሸክላ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1925 ወዲህ ነው። በ1908 ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ቀንደ መለከት መሰል ቧንቧ አፍ ላይ ተጠግቶ ይዘፍናል። በቧንቧው ጫፍ ያለችው ስስ ገበታ በድምፁ ኃይል ትንቀጠቀጣለች። ከገበታዋ ጋር የተያያዘችው መርፌም በሚሽከረከር የሰም ሰሌዳ ላይ ድምፁን ትቦረቡራለች። ሰሙ በብረት ተለብጦ ማተሚያ ይወጣለታል፤ በማተሚያውም ሸክላው ይባዛል። ወርቅ አንጥረኛ መጀመሪያ በሰም ቀርጾ፣ ኋላ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን የሚያፈስበትን ጥበብ ለሚያውቅ፣ የቅኔም ስም ከዚያው ከአንጥረኛው ቤት መምጣቱን ለሚያስታውስ ሰው፣ የተሰማ ግጥም በእውነተኛ ሰም ላይ ማለፉ ፈገግ ያሰኛል።

ሸክላው በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። የአዝማሪ ጨዋታ ደግሞ ሰዓት አያውቅም። ግጥም ተቀባዩ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኙ ይቀበላል፣ ያዞረዋል፣ በትከሻውና በዓይኑ ያዋዛዋል። ወርቁን ከማውጣቱ በፊት ዝም ይላል። ያች ዝምታ ከግጥሙ እኩል ዋጋ አላት፤ አድማጩ እስኪነቃ ትጠብቃለችና። በበርሊን የቅጂ ክፍል ግን ግጥም አቀባይ፣ እልል የሚል እድምተኛም ሆነ በግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍ ወዳጅ አልነበረም። ሰሙ እየዞረ ስለሆነ ቶሎ መጀመርና ቶሎ መጨረስ ግዴታ ነበር። መርፌዋ የያዘችው ድምፅን ብቻ ነው። ተሰማ ሲዘፍኑ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር፣ እጃቸው ወዴት ይሄድ እንደነበር በሸክላው ላይ የለም።

በዚሁ ጊዜ የዓለም ሌላው ጫፍ ተቃራኒው ችግር ገጥሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1894 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የቶማስ ኤዲሰን ባልደረቦች በስፔን አገር በአልሜሪያ የተወለደችውን ተወዛዋዥ ካርመን ዳውሴትን በተንቀሳቃሽ ፊልም ቀረጿት። በመድረክ ስሟ ካርመንሲታ የምትባለው ይህች ሴት በኤዲሰን ካሜራ ፊት ከቆሙት ሴቶች የመጀመሪያዋ እንደሆነች ይነገራል። ፊልሙ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ነው። ቀሚሷ እንደ ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ ወገቧ ሲዞር፣ እጇ ሲነሳ ይታያል። የስፔን ውዝዋዜ ግን፣ በተለይም ፍላሜንኮ የሚባለው የደቡብ ስፔን ጨዋታ፣ በዓይን ብቻ የሚበላ አይደለም። ተረከዝ ወለሉን ሲመታ የሚሰማው ምት፣ የአጃቢዎች ጭብጨባ፣ ጊታሩና ጉሮሮን ሰንጥቆ የሚወጣው ዘፈን ዋናው ነገር ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ አልያዘም። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የፍላሜንኮ ዘፋኞች ድምፅ በስፔን በሰም ቱቦ ተቀድቷል፤ ያ ደግሞ ምስል የለውም። ምስልና ድምፅ ተጣምረው የሚናገር ፊልም በዓለም ገበያ ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1927 በኋላ ነው።

ስለዚህ ከካርመንሲታ አካሏ ቀረ፤ ከተሰማ ድምፃቸው ቀረ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ማለት ያስቸግራል። ለአማርኛ ቅኔ ግን ድምፁ መትረፉ ይበጃል፤ ወርቁ ያለው በቃሉ ውስጥ ነውና። ለሌሎች የአገራችን ጨዋታዎች ይህ ዕድል እንኳ አልነበረም። በአሶሳና በአካባቢዋ በርታዎች የሚጫወቱትን ዋዛ ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ዋዛ ከቅል ተቀጣጥለው የሚሠሩ ረጃጅም መለከቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ዜማው የሚገኘው ተጫዋቾቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ፣ ክብ ሠርተው ሲንቀሳቀሱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዋዛ ሊጫወት አይችልም። በ1908ቱ ቧንቧ ፊት እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቱትን እንዲህ ያለ የብዙ ሰው ጨዋታ በሚገባ መቅዳት አስቸጋሪ ነበር። ቀድሞ የተቀዳው የግለሰብ ጥበብ የሆነው የቅኔ ዘፈን መሆኑ ከማሽኑ ጠባይ ጋር የሚገናኝ ነገር አለው።

ተሰማ ከጀርመን በተመለሱበት ጊዜ የተዉት ቤተ መንግሥት እንደነበረ አልጠበቃቸውም። አፄ ምኒልክ ግንቦት 1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳውቀው ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1902 ዓ.ም መጀመሪያ ሕመሙ ጠንቶባቸው ከመንግሥት ሥራ ራቁ። ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ። ከባለታሪኩ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነውና እንዳይምታቱ ያሻል። እሳቸው በ1903 ዓ.ም ሲያርፉ ወጣቱ ኢያሱ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉ።

ልጅ ኢያሱ ጉዞና አደን፣ ፈረስና ጨዋታ የሚወድዱ ወጣት ነበሩ። ውጭ አገር ያየ፣ ማሽን የሚያውቅ፣ ግጥም ከአፉ የማይጠፋ ሰው ለእንዲህ ያለ መስፍን መወደዱ አያስገርምም። በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የሚበልጧቸው ተሰማ የቅርብ ወዳጃቸው ሆኑ። የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ። ነጋድራስ በጥንቱ ትርጉሙ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በምኒልክና በኢያሱ ዘመን ግን ገበያ የሚያስተዳድር፣ ቀረጥ የሚያስከፍል፣ በነጋዴዎች መካከል የሚዳኝ የመንግሥት ሹም ነበር። ገንዘብና ወሬ በእጁ ስለሚያልፍ ተፈላጊ ሥልጣን ነበር።

ቀጥሎም የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትር ሆኑ። የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም ነው፤ ሚኒስቴሮች የተደራጁት ደግሞ በ1900 ዓ.ም፣ ተሰማ ወደ ጀርመን በሄዱበት ዓመት ነበር። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ስልኩም ቀድሞ ሐረርን ከአዲስ አበባ አገናኝቶ ወደ ሌሎች ግዛቶች እየተዘረጋ ነበር። ሚኒስቴሩ በዕድሜ ከአሥር ዓመት ያልዘለለ፣ ሠራተኛው ጥቂት፣ ሽቦውም በየጫካው የሚበጠስ መሥሪያ ቤት ነበር። ድምፅ በሽቦ ከአገር አገር የሚሄድበትን መሥሪያ ቤት ድምፁን በሰም ያስቀረጸ ሰው መምራቱ ታሪክ ራሱ የገጠመው ግጥም ይመስላል።

ይህ ከፍታ የቆመው ግን በአንድ ሰው ወዳጅነት ላይ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ቤተ ክህነቱ በአንድነት ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የተደረገው ጦርነት የኢያሱን ወገን ዕድል ዘጋው፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወዳጅ መክዳት ለብዙ ሰው የመዳኛ መንገድ ሆኗል። ነጋድራስ ተሰማ ግን የወደቀው ጌታ ወዳጅ ተብለው ሹመታቸውን አጡ፤ ታሰሩ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ሰባት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ወደ እስር ቤት ወረዱ።

ቅኔ የሚችል ሰው ሥልጣን ሲያጣ የሚቀረው ነገር አለ። በስደትም በእስርም ግጥም አይወረስም። የተሰማ ስንኞች ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ ቀጠሉ። በዚህ ረገድ ከሚኒስትርነታቸው ይልቅ ባለቅኔነታቸው ሥር ሰደደ። ስማቸው እስከ ዛሬ ከነማዕረጉ ነጋድራስ እየተባለ ይጠራል፤ ሹመቱ ቢሻርም የሕዝቡ አጠራር አልሻረውም።

መስከረም 1914 ዓ.ም ልጃቸው ይድነቃቸው በጅማ ተወለዱ። አባት በሸክላ ታሪክ የመጀመሪያ እንደሆኑ ሁሉ ልጁም በኢትዮጵያ ስፖርት የመጀመሪያ ተብለው የሚጠሩባቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል፤ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት ውስጥ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዚያን ቀን በሕይወት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 85 ደርሷል። ልጁ ከ1964 ዓ.ም እስከ ዕረፍታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አህጉሪቱን ሲያገለግሉ፣ በተለይም የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ከዓለም ስፖርት እንዲገለል በመታገል ሲታወቁ ግን አባት አልደረሱበትም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም መጀመሪያ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። ሲወለዱ መብራትም ስልክም በአገሩ አልነበረም። ሲያርፉ የአዲስ አበባ ሬዲዮ ዘፈን ያሰማል፤ በየቡና ቤቱ ሸክላ ይዞራል፤ የቴአትር ቤቶች ድምፃውያንም በቴፕ ይቀዳሉ። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ዘፋኝ ከነፊቱ፣ ከነእጁ እንቅስቃሴ፣ ከነትከሻው በአንድነት የሚታይበትና የሚሰማበት መስኮት በኢትዮጵያ የተከፈተው ተሰማ ባለፉ በሳምንታት ውስጥ ነው።

የበርሊኑ ሸክላዎች ዕጣ ከባለቤታቸው ዕጣ ብዙም አልተለየም። ሸክላ ስሙ እንደሚያስታውሰው ሲወድቅ የሚሰበር ነገር ነው። ከሙቀት ይጣመማል፤ በብረት መርፌ በተጫወተ ቁጥርም ይፋቃል። ጦርነት፣ ስደትና የንብረት መወረስ በተፈራረቁበት ክፍለ ዘመን ከአንድ ቤተሰብ ቤት ተርፎ መገኘቱ ራሱ ዕድል ነበር። ግጥሞቻቸው በቤተሰባቸው ጥረት ተሰብስበው ሰምና ወርቅ በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ታትመዋል። ድምፃቸውም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ 27ኛው ዕትም ላይ፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ በሲዲ ወጥቷል። ከመርፌው ሽርሽርታና ከሰሙ ጩኸት ሥር የአንድ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ ነጋድራስ አልተባለም፤ ሚኒስትርም አልሆነም፤ መኪና ሊማር የመጣ የምንጃር ሰው ነው።